እህቴን የገደልኩበት መንገድ

ያን ዕለት ጠዋት ደሴ ላይ ጥቁር ልብሴን አውልቄ ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። ቀሚሱ የአክስቴ ልጅ የእታገኝ ነበር፤ ትከሻው ላይ ይሰፋኛል። ለሐዘን ራሴን ተላጭቼ ስለነበር ሻሹን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፤ በላዩ ነጠላ ደረብኩ።

"እስቲ ሳቂ" አለችኝ እታገኝ።

ሳቅኩ።

"እንደሱ አይደለም። ጥርሷን ያመማት ነው የምትመስይው።"

ልጄ ስዩም ከደቡብ አፍሪካ ገብቶ፣ ጓደኛው ባዋሰው ፒካፕ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ አድሮ ሊወስደኝ እየመጣ ነበር። አባቱ ከሞተ ወራት አልፈዋል። እሱ ግን አያውቅም። የኔ ሥራ ምንም ሳያውቅ ቆቦ ማድረስ ነበር።

የቆቦ ሰው ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት እየነገድኩ ልጅ አሳደግሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ሰማዩ ሲጠቁር ጎርፉን እፈራለሁ፤ ሲጠራ ደግሞ ድርቁን። ባለቤቴ ሞላ "አንቺ እኮ የሌለውን ጅብ ታባርሪያለሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ግን ምንም አይፈራም። የውሃ አባት ነበር። በእኛ ቆላ ማሽላውን የሚያጠግበው እላያችን ላይ የሚዘንበው ዝናብ አይደለም፤ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ነው። ያንን ጎርፍ ከወንዙ ጠልፎ ማሳ ለማሳ የሚያካፍለውን ሰው ሕዝቡ ይመርጠዋል። ሞላን መርጠውት በዚያው ቆየ፤ በውሃ የተነሳ የተጣላ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣ ነበር።

ስዩም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የነጋዴ መኪና ይነዳ ነበር። ብርድ ልብስና ልብስ ጭኖ ከገጠር ከተማ ገጠር ከተማ ያደርሳል። ቆቦ ውስጥ ሞባይል ገና ብርቅ ስለነበር የሚደውለው በጎረቤታችን በጋሽ ይመር ሱቅ ስልክ ነው። ሲደውል ስለ ገንዘቡ ወይም ስለ ጤናው አያወራም፤ ስለ መንገዱ ነው። ያለፈበትን ሸለቆ፣ የወይን ማሳውን፣ ሰጎኑን ለአባቱ ይዘረዝርለታል።

"ወንዝ አላቸው?" ይለዋል ሞላ።

"አላቸው አባዬ። ግን እንደኛው አሸዋ ብቻ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ነው የሚሞላው።"

"እና ጎርፉ የት ይገባል?"

"ሄዶ ባሕር ይገባል።"

"እንዲሁ? ሳይጠልፉት?"

"እንዲሁ።"

"ምስኪኖች!" ይላል ሞላ ከልቡ አዝኖ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል።

ሞላ አንድ ቀን ከማሳ መጥቶ "ትንሽ ጋደም ልበል" አለ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ለስዩም እንደውል ብዬ ነበር። ጋሽ ይመር ግን እጃቸውን ስልኩ ላይ አድርገው "አይሆንም" አሉኝ። "መርዶ ሰው ይፈልጋል። ልጁ በባዕድ አገር ብቻውን ነው። ራሱን ሲጥል ማን ይይዘዋል? አላህ በሰላም ያምጣውና ከመሃላችን አድርገን እንነግረዋለን።" የሁሉም ሐሳብ ይህ ነበር። ለእኔም ትክክል መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሲደውል አባቱ አንዴ ማሳ፣ አንዴ ሽምግልና፣ አንዴ ሙሽራ ሽኝት እየሄደ ከረመ።

እንግዲህ እመጣለሁ ሲል ነገሩ ተሰናዳ። አመሻሽ ላይ ቤት እንገባለን። አባቱ ለሽምግልና ዞብል ሄዷል፣ ነገ ይመጣል እንለዋለን። በልቶ ይተኛል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ፣ ካህኑም ጋሽ ይመርም፣ በር ያንኳኳሉ። ዘመድ ሁሉ ከኋላቸው ይመጣል። የዋጃዋ ታናሽ እህቴ የሺ ግን ከዚያ በፊት ድርሽ እንዳትል ተባለች። ስዩምን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እንባዋን አትይዝም።

"ሞላን በአፌ አላነሳ፣ ምን አስፈራችሁ?" ብላ ተቆጣች።

"አፍሽን አላልንም" አሏት ጋሽ ይመር። "ዓይንሽን ነው።"

ስዩም ደሴ ደረሰ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ወፍሯል። ደረቱ ላይ ለጥፎኝ ብድግ ሲያደርገኝ በሁለት እጄ ሻሼን ያዝኩ።

"ምነው ራስሽን?"

"ትንሽ ያመኛል።"

"ቆላ ስንወርድ ይለቅሻል" ብሎ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ወንበሩ ላይ አንድ ካርቶን ነበር። ከፈተው። ግንባር ላይ የሚታሰር የባትሪ መብራት ነው። "ለአባዬ ነው። ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ፋኖስ ተሸክሞ ከሚንገላታ፣ ሁለት እጁ ነጻ ይሆናል።" ግንባሩ ላይ አስሮ አበራው። በጠራራ ፀሐይ ያንን አብርቶ ደሴን ለቀን ወጣን። የትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ሳቀ።

በየመንገዱ ያቆም ነበር። ሐይቅ ላይ ቆመን ውሃውን አየን። ከውጫሌ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ መኪናውን ዳር አስይዞ ገደሉን እያሳየኝ "እዚያም እንዲህ ያለ አለ" አለኝ። "ተራራው ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ መንገዱ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ግራና ቀኝሽ ቀይ ድንጋይ ነው። ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ጠቦ ይታያል። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ሆኜ 'አባዬ እየው' እላለሁ፣ አትስቂ።"

አልሳቅኩም።

"እሱን ይዤ ይህንኑ መንገድ በሙሉ እመለስበታለሁ። በዚያም በዚህም ያየሁትን አንድ በአንድ እያነጻጸርኩ አሳየዋለሁ። እስከዛሬ ከወልድያ አልፎ ያውቃል?"

"ደሴ መጥቷል። ለሕክምና" አልኩ። ወዲያው ምላሴን ነከስኩ።

"መቼ ነው የታመመው?"

"ድሮ። አንተ ሳትወለድ።"

እንዲህ ነበር መንገዱ። እሱ አገር ሲያይ እኔ አፌን ስጠብቅ። መርሳ ላይ ምሳ በላን፤ ብርቱካን ገዛ፤ "አባዬ ይወዳል" ብሎ ጨመረበት። ወልድያን አልፈን የአላውሃን ወንዝ ስንሻገር ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ቆቦ ቀርቧል። አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀረው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከአላውሃ ወዲያ ሜዳው ወለል ብሎ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ። በስተግራ የደጋው ግድግዳ፣ በስተቀኝ በሩቁ የዞብል ተራራ፣ መሃሉ ግራርና አሸዋ፣ አልፎ አልፎም ማሽላ ነው። ስዩም መኪናውን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

"ነይ ውረጂ እማ። ይህንን ነው ላሳይሽ የፈለግሁት።"

"ከመኪናው ሆኜ ይታየኛል።"

"ነፋሱ ካልነካሽ አይታይሽም!"

ወረድኩ። በአንድ እጄ ነጠላዬን፣ በአንድ እጄ የመኪናውን በር ያዝኩ።

"ካሩ የሚባል አገር አለ" አለ እጁን ወደ ሜዳው ዘርግቶ። "ቅድም ያልኩሽን ስንጥቅ ተራራ እንዳለፍሽ ድንገት ይከፈታል። ልክ እንደዚህ። ቁጥቋጦ፣ አቧራ፣ ደረቅ ወንዝ፣ ዳር ላይ ሰማያዊ ተራራ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መኪናዬን አቁሜ አለቀስኩ። ቆቦ መሰለኝ። ከዚያ ማዶ አባዬ አካፋውን ተሸክሞ የሚመጣ መሰለኝ። ነይ እዚህ ጋ፣ እጅሽን ስጪኝ።"

እጄን ሳብ አደረገው። ከሜዳው የተነሳው ነፋስ ነጠላዬን ወሰደ፤ ነጠላው ሻሹን ይዞት ሄደ።

ስዩም እየሳቀ ሮጦ ይዞልኝ ሲመለስ ራሴን አየ። አዲስ የበቀለው ፀጉሬ ሽበት ብቻ ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"ማነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"እማ፤ ማነው የሞተው?"

መብራቱ አሁንም ግንባሩ ላይ ነው። አንገቴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ "አባትህ" ልል ነበር። ዙሪያውን አየሁ። ሰው የለም። ዛፍ እንኳ ሩቅ ነው። ራሱን ሲጥል ማን ይይዘዋል የሚለው የጋሽ ይመር ድምፅ መጣብኝ። ገደል ባይኖርም ገደል ታየኝ። መኪናውን ሳይቀር ፈራሁት።

"የሺ" አልኩ።

ለምን እሷን እንዳልኩ እስከዛሬ አላውቅም። ምናልባት ጎህ ሲቀድ የምትመጣው እሷ ስለሆነች ይሆናል። ምናልባት ከሞላ ቀጥሎ ራሴን የምላጭላት እሷ ብቻ ስለነበረች ይሆናል።

ስዩም መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በነጠላዬ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ግን ፊቱ የተፈታ ነበር። በረጅሙ ተነፈሰ።

"ተመስገን" አለ።

ነጠላዬን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

"ይቅር በይኝ እማ። እህትሽ ናት፣ እኔንም አሳድጋኛለች። ግን አባዬ መስሎኝ ነፍሴ ወጥታ ነበር። ተመስገን አምላኬ፣ ተመስገን።" መሬቱን ሳመ። አሸዋ ከንፈሩ ላይ ተለጠፈ። ተነስቶ ሻሼን ራሱ እንደ ሕፃን አሰረልኝ። "ነገ ጠዋት ከአባዬ ጋር ሦስታችንም ዋጃ ለለቅሶ እንሄዳለን" አለኝ።

መኪናው ተነሳ። ማልቀስ ተፈቅዶልኝ ስለነበር አለቀስኩ፤ ለሞላ ያለቀስኩት ከዚያ መኪና ውስጥ ካለቀስኩት አይበልጥም። እሱ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ጉልበቴን ይደባብሳል። እያለቀስኩ ግን አሰላሁ። የሺ ዋጃ ናት። ዋጃ ከቆቦ ወዲያ ነው። ጎህ ሲቀድ እውነቱ ይወጣል፣ ይህም ውሸት አብሮ ያልፋል። ይቺን አንዲት ማታ ብቻ ትያዝልኝ አልኩ።

ጎብዬ ስንደርስ ገበያ ነበር። አህያው፣ ፍየሉ፣ ግመሉ መንገዱን ሞልቶታል። ስዩም ጥሩምባ እየነፋ በእግር ፍጥነት ይነዳል። ሰው የመኪናውን ጎን እየመታ "ምን ያስቸኩልሃል፣ ሚስትህ ምጥ ይዟታል?" ይለዋል። እሱም በመስኮት "እናቴን ጭኜ ነው፣ አሳልፉኝ!" ይላል።

ያኔ አየኋት። የመንገዱ ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመች፣ አዲስ ነጭ ልብስ የለበሰች፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ መኪና ሁሉ የምታይ ሴት። የሺ። ናፍቆቱ አላስችላት ብሎ ከዋጃ በጠዋት ተነስታ፣ ቆቦን አልፋ፣ መንገድ ላይ ልትቀበለው መጥታለች።

"ንዳ!" አልኩት። "ስዩሜ በሞቴ ንዳ፣ አትቁም!"

"እማ፣ ግመል ልግጭ?"

"በዚያ በኩል ዙር! ተመለስ!"

"ምን ሆንሽ?" ብሎ ወደ እኔ ሲዞር እሷ አየችን። ገበያውን እየሰነጠቀች መጣች። እንደፈራነው ሳይሆን ዓይኗ ደረቅ ነበር። እልል እያለች፣ ጥርሷ እስከ መንጋጋዋ እየታየ፣ መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ስዩሜ! እኔ ልሙትልህ! የኔ አንበሳ!"

ስዩም አያት። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እንደገና እሷን አየ። ሞተሩን አጠፋ። በሩን ከፍቶ ሲወርድ የሺ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እጆቹ ግን ተንጠልጥለው ቀሩ። በትከሻዋ ላይ ሆኖ መኪናው ውስጥ የተቀመጥኩትን እኔን ያየኛል።

"ተመስገን አልኩ እኮ፣ እማ" አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ተመስገን ብዬ መሬት ሳምኩ እኮ።"

ከዚያ ወደቀ።

የሺ ምን እንዳደረገች ሳታውቅ ጮኸች። እኔ ከመኪናው ለመውረድ በሩን ማግኘት አቃተኝ። ስወርድ ግን ልጄ መሬት ላይ አልነበረም። ሰው ይዞታል። ግመሉን ሲጎትት የነበረ የማናውቀው ሽማግሌ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ "አብሽር ልጄ፣ አብሽር" ይለዋል። ቲማቲም ሻጯ በጀሪካን ውሃ ይዛ መጥታለች። አንዱ "ማን ሞቶበት ነው?" ሲል፣ ሌላው "አባቱ ነው መሰለኝ" ሲል፣ ማንም ሳይነግራቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። ያ ሽማግሌ "ስሙ ማን ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። "ሞላ" አልኩት። "የውሃ አባት ነበር።" ለሕዝቡ ጮክ ብሎ ተናገረ። የጎብዬ ገበያ ሞላን በስሙ ጠርቶ አለቀሰለት። ቆቦ ለነገ ጎህ ያሰናዳነው ሰው ሁሉ ያን ያህል አይሆንም።

ስዩም እስከ አባቱ ሙት ዓመት ቆይቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመለሰ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ በወደድኩ። ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ብቻ፣ ሽንኩርት ስለቅም አጠገቤ ቁጭ ብሎ "እኔ ያለሁበት ከተማ ያከራየችኝ አሮጊት አለች" አለኝ። "ባሏ ሲሞት ማታ ማታ እየሄድኩ አብሬያት እቀመጥ ነበር። ቋንቋዋን በደንብ አላውቅም፤ ዝም ብለን ሻይ እንጠጣለን። አባዬ ሞተ ብትሉኝ እሷ ትይዘኝ ነበር። እዚያም ሰው አለ፣ እማ።"

መብራቱን ለጋሽ ይመር ሰጣቸው፤ ውሃውን ከሞላ በኋላ የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸውና። የሺ ግን ነገሩን ቀልድ አደረገችው። ቤቴ በመጣች ቁጥር በር ላይ ቆማ "ሟቿ መጥታለች፣ ቡና አለ?" ትላለች። ሰው ፊት "ይቺ እህቴ በመኪና ወስዳ ገደለችኝ" ብላ ታስቃለች። ሲያማት እንኳ "አንዴ ስለሞትኩ አልፈራም" ትል ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም። ምክንያቱም ስዩም ከተመለሰ በኋላ መንገዱን መንገር ተወ። ይደውላል፤ ሞባይል ከገባ ወዲህማ በየሳምንቱ ይደውላል። "ዛሬ የት ነህ?" ስለው "ሥራ ላይ" ይለኛል። "ምን ይመስላል?" ስለው "ያው ነው" ይላል። ያ ሸለቆ፣ ያ ቀይ ድንጋይ፣ ያ ሜዳ ከአባቱ ጋር ተቀበረ ብዬ አስብ ነበር። ከአባቱ ጋር አይደለም፤ እኔ ነኝ ከአላውሃ ወዲያ ያስቀረሁት።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ የመርዶን ወግ ናቁ አልላችሁም። ሰው መሃል ማርዳት ደግ ነገር ነው፤ አባቶቻችን ያለ ምክንያት አላመጡትም። እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ልጄን ከሐዘን ስጠብቅ ሳለሁ ሐዘኑን አረከስኩበት። አባቱ ሞቶ ሳለ ስለ አባቱ ሕይወት አመሰገነ፤ ያንን ከአፉ ማን ይመልስለታል? ሰው የለም ብዬ ፈራሁ። እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ። እናቱ ሰው አልነበርኩም?

ዓመታት አለፉ። የሺ በእውነት ሞተች። ያን ቀን ዘመዶች ተሰብስበው "ለስዩም እንዴት እናድርግ?" ሲባባሉ ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ደወልኩ።

"እየነዳህ ነው?"

"አዎ እማ።"

"ዳር ይዘህ አቁም።"

ሞተሩ ሲጠፋ ሰማሁ። በሩ ሲከፈት፣ ከዚያም ነፋሱ።

"አቁሜያለሁ" አለ። "ማነው?"

"የሺ።"



"እውነት?"

"አሁን እውነት ነው፣ ልጄ።"

አለቀሰ። እኔም ከዚህ አለቀስኩ። ስልኩ ገንዘብ ይበላል ብሎ ማንም አልዘጋም። ሲረጋጋ "የት ነው የቆምከው? ምን ይመስላል?" አልኩት። መልስ አልጠበቅሁም ነበር።

"ሜዳ ነው" አለ። "ቁጥቋጦ ነው፣ አቧራ ነው። ደረቅ ወንዝ አለ። ዳር ላይ ተራራው ሰማያዊ ነው። ነፋስ አለ፣ እማ። ቅድም ያለፍኩት በዚያ በተሰነጠቀው ተራራ ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ሽማግሌ መኪናውን አቁሞ ወደኔ እየመጣ ነው።"

በማላውቀው ቋንቋ የሚናገር የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

"ምን አለህ?"

"ምን ሆነህ ነው አለኝ።"

"ንገረው" አልኩት። "እስክትጨርስ አልዘጋም። ንገረው፣ ልጄ።"